ለቧንቧ የተቆፈረ ጉድጓድ

ሮም ውስጥ መሬት የሚቆፍር ሰው ሁሉ አንድ ስጋት አለበት፤ ከሥር ግድግዳ ቢወጣብኝስ የሚል። ቧንቧ የሚዘረጋውም፣ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚቀብረውም፣ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር የሚያወጣው መሐንዲስም ይህንኑ ስጋት ይዞ ነው ጠዋት ከቤቱ የሚወጣው። ከተማዋ በራሷ ፍርስራሽ ላይ እየወጣች ከ2000 ዓመት በላይ ከፍ ስትል ኖራለች፤ በአንዳንድ ሰፈር የጥንቱ ወለል ከዛሬው አስፋልት 9 ሜትር ዝቅ ብሎ ተኝቷል። እኔና ወንድሜ ይህን በወሬ እናውቀው ነበር፤ ሮም የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ የያዝነው ግን የእንጀራ ነገር ነበር።

ሳን ጆቫኒ በሚባለው ሰፈር፣ ከትልቁ ባዚሊካ ብዙም ሳይርቅ፣ ቀድሞ ብስክሌት ይጠገንበት የነበረ ምድር ቤት ለእንጀራ ቤት ተከራየን። ፊት ለፊት ሰፊ ክፍል፣ ከኋላ ጠባብ ጓሮ አለው። ምጣዶቹን ገዛን፣ ግድግዳውን ቀባን፣ ጤፉን አስገባን። ልንከፍት ስንቃረብ ሌሊት የፍሳሹ ቧንቧ ፈነዳ። ጠዋት በሩን ስንከፍት ውኃው ቁርጭምጭሚት ደርሶ፣ ከታች የተደረደሩት የዱቄት ከረጢቶች ጠጥተው አብጠው ጠበቁን። ወንድሜ አንድ ቃል አልተናገረም። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና ደረቁን ከእርጥቡ መለየት ጀመረ። እኔ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እዚያ ዱቄት ውስጥ የእናታችን ገንዘብ ነበረበት።

የቤቱ ባለቤት የላኩት ጠጋኝ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ጓሮውን ሰበረው። ከሲሚንቶው ሥር አሸዋ፣ ከአሸዋው ሥር ጥቁር አፈር፣ ከጥቁሩ አፈር ሥር የተሰባበረ ጡብና ድንጋይ፣ ከዚያም በታች የቆመ ግድግዳ። አዲሱ ቧንቧ ማለፍ ያለበት በዚያው በኩል ነበር። ጠጋኙ ድጅኖውን አነሣ።

ጋሼ የደረሱት ያኔ ነው። ጋሼ የአባታችን ባልንጀራ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ወደ ሮም መጥተው ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ጨርሰዋል። ውኃ እንደገባብን ሰምተው ሊያጽናኑን ነበር የመጡት። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩና ጠጋኙ ላይ በጣልያንኛ ጮኹበት። ከዚያ ከነካፖርታቸው ወረዱ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ጠረጉት፤ አንዱን ጡብ በጣታቸው አንጓ መታ መታ አደረጉት።

«ስሚው» አሉኝ። እንደገና መቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «በደንብ የበሰለ ጡብ ነው።»

ጠጋኙ የራሱ ሐሳብ ነበረው። በአሸዋ እንመልሰው፣ ቧንቧውን በላዩ እናሳልፍ፣ ነገ ሥራችሁን ትጀምራላችሁ፤ ማን አየ? አለ። እኔና ወንድሜ ተያየን። ኪራዩ ይቆጥራል፣ የቀረው ዱቄት ይሻግታል። ይህን ጠጋኝ ክፉ ሰው ነው ብዬ አላውቅም፤ ሮም ውስጥ ግድግዳ ያየ ጠጋኝ ደመወዙ ሲቀር ይታየዋል። ጋሼ ከጉድጓዱ ሳይወጡ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን የሠራው ሰው ደመወዙን በልቶ ሞቷል፤ ዕዳ የለብሽም። ግን አፍርሰሽው ካለፍሽ እኔ እዚህ ቤት ቡና አልጠጣም» አሉኝ።

ስልኩን አነሣሁ።

የኢጣልያ ሕግ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። በ2004 የወጣው የባህል ቅርስ ሕግ ሳያስበው ቅርስ ያገኘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ፣ ያገኘውንም ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል፤ የወጣው ነገር የመንግሥት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ የአገራችንን ስጠራ እናገራለሁ።) ሥራው ቆመ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ኪራዩ ግን አልቆመም፤ ለተቀጠረችው ጋጋሪም ቃል ገብተን ስለነበር ያለ ሥራ ከፈልናት። ወንድሜ ማታ ማታ ወደ ቀድሞ ሥራው፣ ወደ ዕቃ ማመላለሱ ተመለሰ።

ከቅርስ መሥሪያ ቤቱ የተላከችው ባለሙያ ወጣት ናት፤ ድርሻዋ የግንባታ ቁሳቁስ ነው። ቁፋሮ ላይ ሸክላ ዕቃ የሚያጠና አለ፣ ሳንቲም የሚያጠና አለ፣ አጥንት የሚያጠና አለ፤ እሷ የምታጠናው ጡብ፣ የጣሪያ ክዳን፣ የወለል ንጣፍ፣ ልስንና ኖራ ነው። ከሚወጣው ሁሉ ይኸኛው ክብደቱ የበዛ፣ ጠያቂው ያነሰ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ጎረቤቶች በር ላይ ቆም እያሉ «ምን ተገኘ? ሐውልት ነው?» ይላሉ። ጡብ ነው ሲባሉ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ቤቱ ተዘግቶ ስለዋለ ሥራ አልነበረኝም። ልርዳሽ አልኳት። ከጉድጓዱ የወጣውን ጡብ ማጠብ ትችያለሽ፣ ልስንና ኖራ የያዘውን ግን ውኃ እንዳታስነኪው አለችኝና የጥርስ ብሩሽ ሰጠችኝ። ሊጥ ልናቦካበት በገዛነው ሳፋ ውስጥ የሮማውያን ጡብ አጠብኩ። ጭቃው ሲለቅ ቀለሙ ይወጣል፤ ቀይ፣ ብጫ፣ ሐምራዊ የሚመታው። ሲሰበር ደግሞ ልቡ ግራጫ ሆኖ የቀረ አለ፤ ምጣዱ ሳይሰማ እንደተጋገረ እንጀራ፣ እሳቱ ውስጡ ድረስ አልደረሰም። ጋሼ እያንዳንዱን እያነሡ ያንኳኳሉ። ድምፁ የደነዘዘውን ወደ ግራ፣ ጥርት ያለውን ወደ ቀኝ ያደርጋሉ። ባለሙያዋ መጀመሪያ ዝም ብላ አየቻቸው። በኋላ የእሳቸውን ሁለት ክምር ከራሷ መዝገብ ጋር ታስተያይ ጀመር።

ሮማውያን ጡብ የሚለኩት በእግር ነበር። ትንሹ የእግር ሁለት ሦስተኛ ነው፣ ወደ 20 ሳንቲሜትር፤ መካከለኛው አንድ እግር ተኩል፣ ወደ 45፤ ትልቁ ሁለት እግር፣ ወደ 60። ሁሉም አራት ማዕዘን ናቸው። የሚያስደንቀው ግን ግድግዳ ላይ ሲውሉ ነው። ከፊት ሲያዩት ሙሉ ጡብ የሚመስለው አብዛኛው ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ነው፤ ሰፊው ጎኑ ወደ ውጭ፣ ሹሉ ወደ ውስጥ። ሹሉ ኖራ፣ ጠጠርና የእሳተ ገሞራ አመድ ተደባልቆ በተሞላው ልብ ውስጥ ይነክሳል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ብዙ ቆዩ። እሳቸው በዘመናቸው የገነቡት ጡብ ሁሉ በልስን ተያይዞ ነው የቆመው፤ ይህኛው ግን ቅርጹ ራሱ ግድግዳውን ጨብጧል።

ከሳፋው የወጡት ብዙዎቹ የጣሪያ ነበሩ። ጠፍጣፋው ክዳን ግራና ቀኙ ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፤ በሁለት ጠርዞች መጋጠሚያ ላይ ግማሽ ክብ የሆነው ሌላው ክዳን ይደፋበታል፤ ውኃ መግቢያ ያጣል። ከሮማውያን መሐንዲሶች አንዱ የሆነው ቪትሩቪየስ በመጽሐፉ ላይ፣ አዲስ ክዳን ጠንካራ ይሁን ደካማ ወዲያው አይታወቅም፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዝናብና ብርድ ሲፈትነው ነው የሚታየው ይላል፤ ለግድግዳም ከአሮጌ ክዳን የተሠራውን ያወድሳል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው፣ «ሰውየው ሠርቷል እንጂ ዝም ብሎ አልጻፈም» አሉ።

ከጠርዝ አልባ ስባሪዎች መካከል በአንዱ ላይ ጥርስ ባለው መሣሪያ የተሞጨረ ሰንበር ነበር። ይኸ ውስጡ ክፍት የሆነ የግድግዳ ሸክላ ነው፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የእሳት ሙቀት ከወለሉ ሥር ተነሥቶ በግድግዳው በኩል ወደ ላይ የሚሄድበት። ሰንበሩ ልስኑ እንዲይዝ የተደረገ ነው። ሌላም ነበር፤ ጽጌረዳ የሚመስል ቀለም ያለው ድፍን ቁራጭ። ጡብ ተወቅጦ ከኖራ ጋር ሲቦካ ይህን ቀለም ይይዛል፤ ውኃ አያሳልፍም፤ ገንዳና የዝናብ ማጠራቀሚያ በእሱ ይለሰን ነበር። ስባሪው እንኳ አልተጣለም ማለት ነው።

ማኅተም ያለበት ጡብ ሲወጣ ቁጭ ብላ የነበረችው ባለሙያ ብድግ አለች። ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ማኅተም ነው፤ ፊደላቱ ግን አብዛኛው ተሰብሮ ሄዷል፤ የቀረው ስም ለማንበብ አልበቃም። ቢሟላ ኖሮ የሸክላ ጉድጓዱን ባለቤት፣ የሠሪውን ኃላፊ፣ አንዳንዴም የዓመቱን ቆንስሎች ይነግር ነበር። በተለይ የ123 ዓመት ቆንስሎች፣ ፔቲኑስና አፕሮኒያኑስ፣ ስማቸው የታተመበት ጡብ በሮም እጅግ ብዙ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሐድሪያን ነበር። ከጡብ ማምረቻ ባለቤቶች መካከል ሴቶች አሉበት። ከሁሉ የምትታወቀው ዶሚቲያ ሉሲላ ናት፤ የንጉሠ ነገሥቱ የማርቆስ ኦሬሊዮስ እናት። ልጇ ስለ ትዕግሥትና ስለ ሞት የጻፈው ዛሬ በዓለም ሁሉ ይነበባል። የእሷን ስም የያዙት ጡቦች ደግሞ ዛሬም ግድግዳ ተሸክመው ቆመዋል።

ባለቤቶቹ ይህን ያህል ከታወቁ፣ ጭቃውን የረገጡትስ? ይህን ጠየቅኋት። መልሷን በስልኳ አሳየችኝ። ከሮም በስተ ምሥራቅ፣ በተራራማው ሞሊዜ፣ ፒየትራቦንዳንቴ በምትባል ቦታ አንድ ትልቅ የጣሪያ ክዳን ተገኝቷል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 100 ዓመት ገደማ የተሠራ። ሸክላው ገና እርጥብ ሳለ ሁለት ሴቶች ከነጫማቸው ቆመውበታል። አንዷ በኦስካን ቋንቋ፣ ሌላዋ በላቲን፣ ይህን እኛ ስናሰጣ ረግጠን ፈረምነው የሚል ጽፈውበታል። የአንዷ ስም ዴትፍሪ፣ የሌላዋ አሚካ ነው። ሁለቱም ባሪያዎች ናቸው፤ የጌታቸው ስም አብሮ ተጽፏል። ያ ክዳን ጣሪያ ላይ ሲወጣ ፊርማቸውን ማንም እንደማያየው ያውቁ ነበር። ያም ሆኖ ፈረሙ። እኔ በአገሬ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆኜ አድጌአለሁ፤ እዚህም መጥቼ ብዙ ዓመት የሰው ቤት ወለል ጠርጌአለሁ። የእነዚህን ሁለት ሴቶች የጫማ ምልክት ከቫቲካን ሥዕል ሁሉ አብልጬ ወደድኩት፤ ይህን ስል አላጋንንም።

የእኛ ጉድጓድ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣለትም። አንድ የውሻ መዳፍ ያረፈበት ክዳን ግን ወጥቶለታል፤ ሸክላው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ያለፈ ውሻ ነው። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ አሳየሁት። ያን ሰሞን ፊቱ ላይ ፈገግታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቆመው ግድግዳ ልመለስ፤ ነገሩ የተወሳሰበው እዚያ ላይ ነው። ጡቦቹ የሮማውያን ናቸው። ሁላችንም ስለዚህ ግድግዳው የሮማውያን ነው አልን። ባለሙያዋ ራሷን ነቀነቀች። «ጡቡ የሚነግራችሁ መቼ በእሳት እንዳለፈ ነው። መቼ እንደተገነባ የሚነግራችሁ ኖራው ነው» አለች።

ሮም ትልቅ በነበረችበት ዘመን ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ይኖርባት ነበር ይባላል። በመካከለኛው ዘመን ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ ጥቂት አሥር ሺዎች ወርዶ፣ የቀረው ሰው ባዶ በሆነ ግዙፍ ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር። ግንበኛው አዲስ ጡብ ማቃጠል ለምን ያስፈልገዋል? ዙሪያው ሁሉ ጡብ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የሮም ግንብ ከሞላ ጎደል የተሠራው ከአሮጌ ጡብ ነው። ስለዚህ አጥኚዎቹ የጡቡን መልክ ትተው አደራደሩን ያያሉ። አምስት ድርድር ጡብ ከነኖራው ስንት ሳንቲሜትር ይሆናል? ብለው ይለካሉ፤ ልኩ ከዘመን ዘመን ይለያያል። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ድርድሩ ሞገድ ይሠራል፣ ቀጥ አይልም። ወደ አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው ሲመጣ ግንበኛው ኖራው ሳይደርቅ በማንኪያው ጫፍ ቀጭን መስመር ይስልበታል፤ ያረጀ፣ ያልተስተካከለ ጡብ ከሩቅ ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል። ትንሽ ቆየት ብሎ ደግሞ ከለስላሳው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረቡ ትናንሽ ኩቦች ይመጣሉ።

የእኛ ግድግዳ ያ የማንኪያ መስመር ነበረበት። ከእሱ ሥር፣ ጠለቅ ብሎ፣ ሦስት ማዕዘን ጡቦች ያሉበት የሮማውያን ጥግ ታየ። ጋሼ በሁለቱ መካከል ያለውን ኖራ በጣታቸው እየጠቆሙ «ይኸ ነጭ ነጥቡ ምንድን ነው? በደንብ ያልተቦካ ኖራ ነው?» አሉ። ይህን ብዙ ሊቃውንትም እንደሳቸው ያስቡት ነበር። በ2023 የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ ግንቡ ሲሰነጠቅና ውኃ ሲገባበት፣ እነዚያ ነጫጭ ነጥቦች ይሟሙና ተመልሰው ስንጥቁን ይደፍኑታል። ጋሼ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። በኋላ፣ «እኔ ስንቱን ነጥብ እያየሁ ጣልያኑ አለቃዬ ‹አላቦካህም› እያለ ያስደግመኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ብስጭት አልነበረም፤ የቆየ ነገር መልስ ሲያገኝ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር።

በዚህ ሰፈር ከመሬት ሥር የወጣው የእኛ ግድግዳ ብቻ አይደለም። ከባዚሊካው ፖርታ ሜትሮኒያ ወደሚባለው የከተማዋ አሮጌ በር የሚወርድ ጎዳና አለ፤ ቪያ ዴል አምባ አራዳም ይባላል። የእኛው አምባ አራዶም ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በጣልያኖች መድፍ፣ በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ የተመታበት የእንደርታ ተራራ። ጋሼ በዚያ ጎዳና አይሄዱም። አጎታቸው አምባ አራዶም ላይ ቀርተዋል፤ ሮም በኖሩበት ዘመን ሁሉ ዞረው ነው የሚያልፉት። ከዚያ ጎዳና ሥር ግን የባቡር መስመር ሲቆፈር፣ 9 ሜትር ወርዶ፣ የሮማውያን የጦር ሰፈር ወጣ። በ2016 ይፋ ሆነ። በሐድሪያን ዘመን የተሠራ ነው፤ በረጅም ኮሪደር ላይ የተደረደሩ 39 ክፍሎች አሉት። ወታደር የሚተኛባቸው ናቸው። በ271 ንጉሠ ነገሥቱ አውሬሊያን የከተማዋን ግንብ ማሠራት ሲጀምር፣ ሰፈሩ ከወገብ በላይ ፈርሶ በአፈር ተሞላ። የዚያ ግንብ ጡብም አብዛኛው ከሌላ ቦታ የተነቀለ አሮጌ ጡብ ነው።

እዚያ የሚሠራው የባቡር ጣቢያ በምን ስም ይጠራ የሚለው ክርክር አስነሣ። በ2020 ብዙ ሰዎች የአምባ አራዶም ስም ቀርቶ ጆርጆ ማሪንኮላ ይባል አሉ፤ ከሶማሊያዊት እናትና ከጣልያን አባት ተወልዶ ፋሺስቶችን ሲዋጋ በ1945 የተገደለው አርበኛ ነው። የከተማዋ ምክር ቤትም ሐሳቡን ደግፎ ነበር። በመጨረሻ በ2025 ማብቂያ ሲከፈት ፖርታ ሜትሮኒያ ተባለ። የጦር ሰፈሩ ግድግዳና ወለል ተነቅሎ፣ ተጠብቆ፣ ጣቢያው ውስጥ ወደ ቦታው ተመልሷል። ባለሙያዋ ይህን ስታወራ ጋሼ ካፖርታቸውን አንሥተው «እስቲ እንሂድ» አሉ። በዚያ ጎዳና አብሬያቸው ወረድኩ። ምንም አልተናገሩም፤ የመንገዱን ስም የያዘውን እምነ በረድ ሲያልፉ ኮፍያቸውን አወለቁ። ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ለአጎታቸው ነው።

ሌላ ቀን ለእንጀራ ቤቱ ፈቃድ ወረቀት ፍለጋ ወንዙ ዳር ወዳለ መሥሪያ ቤት ሄድን። ወረቀቱ አልደረሰም ተባለ። ስንመለስ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቆመ፣ ዝናቡም መጣ። ሮጠን የተጠለልነው በአንድ አሮጌ ቤት ጥግ ነው፤ ካዛ ዴይ ክሬሼንዚ። ኒኮላ የተባለ የመካከለኛው ዘመን ባለጸጋ ያሠራው ነው፤ በሩ ላይ የሮምን የጥንት ውበት ለማደስ እንዳሠራው አስጽፏል። ግንቡ አሮጌ ጡብ ነው። ከላይ የተሰካው ጌጥ ሁሉ፣ የአበባ ሐረጉም፣ የጣሪያ ክፈፉም፣ ከፈረሱ የሮማውያን ሕንጻዎች ተለቅሞ የመጣ ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም፤ ቁመታቸውም ይለያያል። ዝናቡ እስኪያባራ ጋሼ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለው አዩት። እሱን ለማየት ክፍያ የለም፤ መንገድ ዳር ቆሟል። ሮም የሚመጣ እንግዳዬን ሁሉ ከኮሎሲየም በፊት የማሳየው ይህን ነው።

ሮማውያን ያሠሩትን እምነ በረድ የመካከለኛው ዘመን ሰዎች አፈረሱት፣ አቃጠሉት እየተባለ ሲወቀሱ እሰማለሁ። ማቃጠላቸው እውነት ነው። እምነ በረድ በብርቱ እሳት ሲቃጠል ኖራ ይሆናል። ላርጎ አርጀንቲና አካባቢ ያለው ሰፈር በኖራ ምድጃዎቹ ካልካራሪዮ ይባል ነበር። በአቅራቢያው ክሪፕታ ባልቢ በሚባለው ቦታ፣ ከ1981 ጀምሮ በአርኪዮሎጂ ባለሙያው በዳንኤሌ ማናኮርዳ መሪነት በተደረገው ቁፋሮ፣ በጥንታዊው ቲያትር ግቢ ግማሽ ክብ ውስጥ የተሠራ የስምንተኛው ክፍለ ዘመን የኖራ ምድጃ ወጥቷል። ሐውልት ገብቶ ኖራ ሆኖ የሚወጣበት። እኔ እነዚያን ሰዎች ለመውቀስ አፌ አይፈታም። ጣሪያቸው ያፈሰሰ፣ ግድግዳቸው የተሰነጠቀ፣ ብርድ የመጣባቸው ሰዎች ናቸው። የቄሣር ሐውልት አጠገባቸው ወድቋል፤ ልጃቸው ደግሞ ታስላለች። እኔም አቃጥለው ነበር።

የእኛ ሰዎችም በዚህች ከተማ የኖሩት እንዲሁ ነው። ቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ ለኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የቆመችው ከጥንታዊ ሕንጻ በመጡ ዓምዶች ነው። እዚያ የኖሩት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ አሳትመዋል። ከሰው የተረፈ ዓምድ ሥር ተቀምጠው ነው ያን የሠሩት።

የጉድጓዱ ሥራ እያበቃ ሲመጣ አንድ ነገር ከባለሙያዋ ጋር አጣላኝ። ያጠብነው ጡብ በዓይነት በዓይነቱ ተለይቶ ተቆጠረ፣ ተመዘነ፣ ተጻፈ። ማኅተም ያለው፣ ሙሉ ልክ ያለው፣ መዳፍ ያረፈበት፣ ከየሸክላው ዓይነት ጥቂት ናሙና ወደ መጋዘን ሊሄድ በሳጥን ገባ። የቀረው ወደ ጉድጓዱ እንዲመለስ ተወሰነ። ይህን ሁሉ አጥቤ? አልኳት። የመላዋን ሮም ስባሪ የሚይዝ መጋዘን በዓለም ላይ የለም አለችኝ፤ መዝገቡ ከተጻፈ ስባሪው ተነግሯል። ልክ ናት። ሆኖም እስከ ዛሬ አልዋጥ ይለኛል። እያንዳንዱን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ።

በመጨረሻም ቧንቧው በጓሮው አጥር በኩል፣ ከመሬት በላይ፣ እንዲዞር ተፈቀደ። ለእሱ የወጣው ተጨማሪ ወጪ ከእኛ ኪስ ነው። ግድግዳው በጨርቅ ተሸፍኖ አሸዋ ሊለብስ ሲል፣ ጋሼ የመጨረሻ ልየው ብለው ወረዱ። ያን የማንኪያ መስመር በጣታቸው ተከተሉት፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ደጋግመው። ከዚያ ባለሙያዋን ጠሩ።

«ሲኞሪና፣ ይህ ሰው ግራኝ ነው።»

ባለሙያዋ ብርሃኑን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። ጋሼ ማንኪያ አንሥተው በቀኛቸው አየር ላይ ሣሉ፣ ቀጥሎ በግራቸው። ኖራው የተገፋበትን ጠርዝ፣ መስመሩ ሲጀምር የሚጠልቅበትን፣ ሲያልቅ የሚቀልልበትን አሳዩአት። እሷ አንድ ሰው ከሌላው ጫፍ ተነሥቶ እየሄደ ቢሥልም እንዲሁ ይሆናል አለች። ጋሼ አይሆንም አሉ፤ ሰው ግድግዳ ይዞ ወደ ኋላው አይሄድም፣ ባልዲው ይሰናከልበታል። እሷ በጣልያንኛ፣ እሳቸው ግማሹን በአማርኛ፣ ሁለቱም ወደ እኔ እየዞሩ አስተርጉሚ ይሉኛል። አሸዋ የሚያፈስሱት ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ባለሙያዋ መዝገቡን ገለጠችና ጋሼን ስማቸውን እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀቻቸው። ጋሼ እርሳሱን ከእጇ ተቀብለው በፊደላችን ጻፉት፤ ከሥሩ እኔ በላቲን ጻፍኩት። ከዚያ ክርክሩ እንደገና ተነሣ፤ ስለ ባልዲው ነበር።